እትዬ ቆዩ እና የመስታወት ምድጃቸው

ዕቃ ጠባቂ የሌለበት ቤት የለም። አለ ከተባለም ጠባቂው ለጊዜው ገበያ ወጥቶ ነው። የምታውቁት ሰው ነው። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ከነላስቲኩ አሥር ዓመት ያኖረ፣ ሶፋው ላይ አንሶላ፣ አንሶላው እንዳይቆሽሽ ደግሞ ሌላ ጨርቅ የሚያነጥፍ፣ «ይቺ ለእንግዳ ናት» ያላትን ብርጭቆ ቆልፎባት እንግዳ ሲመጣ ቁልፉ የሚጠፋበት። እኛ ዕቃ እንገዛለን፤ እሱ ዕቃ ያሳድጋል።

የዚህን ወገን ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። የባለቤቴ ወንድም መኪናውን ዝናብ እንዳይነካበት ብሎ ዝናብ በጣለ ቁጥር በእግሩ ይሄዳል። እሱም ሌሎቹም ግን ከክብርት እትዬ ቆዩ አጠገብ ሲቆሙ ገና ጀማሪዎች ናቸው። ክብርት እትዬ ቆዩ የአንዲት የሥራ ጀልባ ምግብ አብሳይ፣ የሦስት ወንዶች ሆድ ኃላፊ፣ የአንዲት የመስታወት ምድጃ የበላይ ጠባቂ ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። እኛ ግን በቀን መቶ ጊዜ «ቆዩ!» ስለሚሉን በዚያው አስቀረነው።

ይህን ጽሑፍ እየሳቅኩ ነው የጀመርኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ናፍቀውኝ ነው። እስከ ትናንት ቅዳሜ ድረስ አራት ዓመት ሙሉ አላየኋቸውም ነበር። ቤታቸው ከቤቴ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው። የቀረሁትም መንገዱ ርቆኝ ሳይሆን፣ ልነግራቸው የሚገባኝ ያልነገርኳቸው ነገር ስለነበረ ነው። ምን እንደሆነ እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ እሳቸውን እወቁልኝ።

ያኔ የጋዜጣ ወሬ ጸሐፊ አልነበርኩም። ጀልባዋ ውሃው ላይ የተተከሉትን የመንገድ ምልክት መብራቶች እየዞረች የምታይ፣ የውሃውን ጥልቀት የምትለካ ትንሽ ጀልባ ነበረች። ካፒቴኑ ይነዳሉ፣ መካኒኩ ሞተሩን ያዳምጣል፣ እኔ ጥልቀቱን እጽፋለሁ፣ እትዬ ቆዩ ያበላሉ። ሰኞ ጠዋት ወጥተን ቅዳሜ ከሰዓት እንመለሳለን። ኩሽናዋ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው በመስኮት የሚያይባት ዓይነት ናት። እዚያ ውስጥ ነው ምድጃዋ ያለችው። በናፍጣ ነው የምትሠራው። ፊቷ ለስላሳ ጥቁር መስታወት ነው፤ እሳቷ ከመስታወቱ ሥር ተደብቋል፤ ጭሷን በቱቦ ወደ ውጭ ትተፋለች፤ ሆዷ ውስጥ ትንሽ ማራገቢያ አላት። ነበልባል ስለማይታይ የማያውቅ ሰው ጠረጴዛ ይመስለዋል።

እኔም መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ደብተሬንና የሻይ ኩባያዬን አምጥቼ ላይዋ ላይ ዘረገፍኩ።

«ጠረጴዛ ነው ያለህ ማነው?» አሉኝ።

«ባዶ ስለነበር ነው እትዬ።»

«የሾፌሩ ወንበር ባዶ ከሆነ ሄደህ ልትነዳ ነው?» ኩባያዬን በሁለት እጃቸው አንስተው ሰጡኝ። «ስማኝ ልጄ፣ መስታወት ቂመኛ ነው። ዛሬ ዕቃ ትጥልበታለህ፣ ዝም ይልሃል። ከሦስት ወር በኋላ ድስት ቀስ ብለህ ስታሳርፍበት ለሁለት ይከፈላል። የዚያን ቀን የበደልከው ነገር የለም፤ የዛሬውን ነው የሚመልስልህ።»

ካፒቴን በጀልባው ላይ ከፈጣሪ ቀጥሎ ነው ይባላል። የኛ ካፒቴን ኩሽና ሲገቡ ግን ከሽንኩርት ቀጥሎ ነበሩ። አንድ ቀን እራት ተበልቶ፣ ምድጃዋ ጠፍታ፣ «ገና ትኩስ ነኝ» የምትለው ትንሿ ቀይ መብራት ግን እየበራች ሳለ፣ እየሳቁ ገብተው ባርኔጣቸውን መስታወቱ ላይ አስቀመጡት። «ቆዩ!» የሚለው ድምፅ ሲመጣ የባርኔጣው የላስቲክ ግንባር መቅለጥ ጀምሯል።

«እሳቱ እኮ ጠፍቷል!» አሉ ካፒቴኑ።

«ዝም ያለ ሁሉ አልበረደም፣ ካፒቴን! ቀዩን መብራት ማየት አቃተዎት? በጭጋግ መብራት ይዩልን ብለን እኮ ነው ነፍሳችንን የሰጠንዎት!»

እትዬ ቆዩ ወፍራም ጓንት አጠለቁ፣ ምላጭ የገባበትን መፋቂያቸውን አወጡ፣ መስታወቱ ላይ ጋደም አድርገው ቀስ እያሉ ላስቲኩን ገፉት። እየፋቁም ያስተምሩናል። ስኳርና ላስቲክ ሳይበርዱ ነው የሚነሱት፤ ከቀዘቀዙ መስታወቱን ገንጥለው ይሄዳሉ። ሌላው ቆሻሻ ግን እስኪበርድ ይጠበቃል። ካፒቴኑ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ራሳቸውን ገልጠው ቆመው ሰሙ። ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግንባር በሌለው ባርኔጣ መርተውናል።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ጊዜ የሚያብረቀርቅ አዲስ ድስት ላከልን። እኛ ደስ አለን። እሳቸው ገልብጠው ማስመሪያ ቂጡ ላይ አጋደሙበትና በማስመሪያውና በድስቱ መሀል የሚገባውን ብርሃን አሳዩን። «ሆዱ ያበጠ ድስት ነው። መስታወት ላይ ይሽከረከራል። ባሕር ላይ አይወጣም» ብለው ፈረዱበት፣ ድስቱም በመጣበት እግሩ ተመለሰ። የተፈቀደለት ድስትም ቢሆን ኑሮው ቀላል አልነበረም። ከግማሽ በላይ አይሞላም። ጀልባዋ ስትወዛወዝ እንዳይንሸራተት ግራና ቀኝ በብረት ክንዶች ይታሰራል። ይነሳል እንጂ አይጎተትም፤ ከሥሩ አንዲት የጨው ቅንጣት ካለች መስታወቱን ትሞነጭረዋለችና። ማዕበል ከተነሳ ደግሞ ምድጃዋ ትጠፋለች። ካፒቴኑ ሻይ ቢለምኑ፣ መካኒኩ ቢያኮርፍ፣ ጠዋት ከተቀቀለው እንቁላልና ከዳቦ በቀር የሚገኝ የለም።

እሳት ባለበት ሰዓት ሁሉ መስኮቱ ክፍት ነው። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። «በረደን እኮ!» ስንላቸው፣ «ለብርዱ ብርድ ልብስ አለልህ። አየሩ ከታፈነ ግን ማን ሊቀሰቅስህ ነው?» ይላሉ። ይህን ሲሉ ቀልድ ፊታቸው ላይ አይታይም።

መካኒኩ ነፍሱ ደግ ናት። አንድ ቀን እትዬ ቆዩ ጋደም ባሉበት ልርዳቸው ብሎ የተነሳ፣ የሞተር ዕቃ በሚፈትግበት ሽቦ ምድጃዋን ፈተጋት። ሦስት ጭረት ቀረባት። እሳቸው ሲነሱ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀልባዋ ላይ እግሩን ላሳረፈ እንግዳ ሁሉ ጭረቶቹን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይቺ የመካኒኩ ናት፣ ይቺም የመካኒኩ ናት፣ ይቺኛዋም። እግዜር ይስጠው፣ ሊረዳኝ ብሎ ነው» ይላሉ። ምስኪኑ ያችን ምርቃት በሰማ ቁጥር ሞተሩ ውስጥ ይገባ ነበር። እሳቸው ሲያጸዱ የሚያስፈልጋቸው ለስላሳ ጨርቅ፣ ጠብታ ኮምጣጤና ትዕግሥት ብቻ ነው። ከዚያ ጉንጫቸውን ወደ መስታወቱ ዝቅ አድርገው በብርሃኑ አግድም ያዩታል። እኛን እንደዚያ ትክ ብለው አይተውን አያውቁም እያልን እናማቸው ነበር።

ከሁሉም የሚብሰው ግን የምድጃዋ ትንፋሽ ነው። ቁልፏን ስታጠፉት አትተኛም። ማራገቢያዋ ውስጧ የቀረውን ሙቀት ወደ ውጭ እስኪያስወጣ አሥራ አንድ ደቂቃ ትተነፍሳለች። ያ ሳይሆን የጀልባዋ ኤሌክትሪክ ከዋናው ማጥፊያ ከተቋረጠ ሙቀቱ እዚያው ታፍኖ አንጀቷን ይበላዋል። ቅዳሜ ወደብ ታስረን፣ ሻንጣችን ትከሻችን ላይ ሆኖ፣ አንድ እግራችን ምድር ሊረግጥ ሲል፣ «ቆዩ! ትንፋሿን ትጨርስ!» ዋናውን ማጥፊያ የሚያጠፋው ተረኛ ነው፤ ከአራታችን ግን ማንም ማንንም ትቶ አይወርድም። ደንቡን ያወጣው ማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

እናም ሻንጣችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንቀመጣለን። እሳቸው ተራ በተራ ይጠይቁናል። ካፒቴኑን፣ «ከወንድምዎ ጋር ታረቁ?» መካኒኩን፣ «የእናትህ ዓይን እንዴት ሆነ?» እኔን፣ «ያቺ ልጅ ጥርስ አወጣች?»

«አወጣች፣ ሁለት።»

«የላይ ነው የታች?»

«የታች... መሰለኝ።»

«መሰለኝ የሚባል ጥርስ የለም። ቤት ገብተህ አፏን ከፍተህ አይተህ ሰኞ ትነግረኛለህ።»

ቤት ገብቼ አየሁ። የታች ነበር። ያኔ እነዚያን አሥራ አንድ ደቂቃዎች እጠላቸው ነበር። ዛሬ ቢሮዬ ውስጥ ሦስት ዓመት አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ልጅ እንዳለኝም አያውቅም፤ እኔም ወንድም እንዳለው አላውቅም። አራት ሰው አንዲት የምትተነፍስ ምድጃ ከቦ የሚቀመጥበትን ያን ሰዓት እናፍቀዋለሁ። ስናፍቀው ግን ቶሎ ብዬ ሌላ ነገር አስባለሁ፤ ምክንያቱም ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ የእትዬ ቆዩ ልጅ ሩቅ አገር ሥራ አግኝታ በአሥር ሰዓት አውቶቡስ ልትሄድ ነው። እኛ ዘግይተን ዘጠኝ ተኩል ላይ ወደብ ደረስን። ምድጃዋ ገና መጥፋቷ ነው። ካፒቴኑ ወደብ ቢሮ ተጠርተው ሄደዋል፤ የማጥፊያው ተረኛ እኔ ነኝ። እትዬ ቆዩ ሻርፓቸውን አሥረው በር ላይ ቆሙ። ምድጃዋን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ ዛሬ አንተ ጠብቃት። አደራ። ትንፋሿን ስትጨርስ ብቻ።»

ጀልባዋ ላይ በሠሩበት ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ለማንም ብለው አያውቁም። «ይሂዱ እትዬ፣ እኔ አለሁ» አልኳቸው። ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ተቀመጥኩ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። መካኒኩ ቀና ብሎ፣ «እኔስ ልጠብቅ?» አለኝ፤ «ሂድ ሂድ» አልኩት። በመስኮቱ የሰፈሬ አውቶቡስ ሲመጣ አየሁት። በዚያ ሳምንት ልጄ መራመድ መጀመሯን ሚስቴ በስልክ ነግራኛለች፤ አውቶቡሱ ካመለጠኝ ሌላው የሚመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። እጄን ወደ መስታወቱ አስጠጋሁት። የበረደ መሰለኝ። ዋናውን ማጥፊያ አጠፋሁና እግሬ አውጪኝ አልኩ። ልጄ ስትራመድ አየሁ፤ አራት እርምጃ ተራምዳ ጭኔ ላይ ወደቀች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን አፍስሼ ሌላ ሰው አስለቀምኩ።

ሰኞ ምድጃዋ ስትለኮስ ኩሽናው በጭስ ተሞላ። ማራገቢያዋ በሙቀት ተጣሞ አልዞር አለ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ባለሙያ ከፍቶ አየና ወጥ ገንፍሎ ገብቶባት ይሆናል ብሎ ጻፈ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀዝቃዛ ድንች በላን። ለእትዬ ቆዩም «በጥንቃቄ ጉድለት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣላቸው። ለእሳቸው! ለዓሣ መዋኘት አትችልም ብሎ እንደመጻፍ ነው።

ደብዳቤውን አጣጥፈው ወደኔ መጡ። «ልጄ፣ ያን ቀን ጠበቅካት?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ጠብቄያታለሁ» አልኩ።

ቢጠረጥሩኝ ምንኛ በወደድኩ። አመኑኝ። «እንግዲያ እኔ ነኛ» አሉ። «አፍስሼባት ሳላይ ቀርቼ ነው። እጄ ከዳኝ ማለት ነው።» ከዚያ ወዲህ ጨው ጨምረው እንደሆነ ሁለቴ ሦስቴ ይቀምሱ ጀመር። የታሰረ ድስት ፈትተው መልሰው ያሥሩ ጀመር። በስድስተኛው ወር፣ «ባሕር ላይ የከዳ እጅ ሰው ይጎዳል» ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ወደ ደረቅ መሬት ወጣሁ።

አሁን ቤታችን የመስታወት ምድጃ አለ፣ የኤሌክትሪክ። ሚስቴ በቀደም ከገበያ ገብታ ፌስታሉን ላዩ ላይ ልታስቀምጥ ስትል «ቆዩ!» ብዬ ጮህኩባት።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ ያልከኝ?» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አይታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት።

«እኛጋ ለመድረስ ነው ያጠፋኸው?»

«አዎ።»

«በኔና በልጄ አታሳብብ። ተነስና ሂድ ንገራቸው።»

ትናንት ቅዳሜ ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱ አቀፉኝ፤ አስተቃቀፋቸው ባሰብኝ። ጠቁረዋል፣ ከስተዋል። ልጃቸው እስካሁን እዚያው ሩቅ ናት። ሻይ አፍልተው ሰጡኝና ምድጃቸውን አጥፍተው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ ተነስተው መጥፋቱን አይተው ተመለሱ። ተጨዋወትን። እንደገና ተነስተው አዩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲነሱ ኩባያዬን አስቀመጥኩ። ጀልባ ላይ አንድ ጊዜ አይተው የሚበቃቸው ሰው ነበሩ።

«እትዬ፣ ያን ቀን አልጠበቅኳትም» አልኩ።

እንደ ቆሙ ቀሩ። «የቷን?»

«ምድጃዋን። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ትንፋሿን ሳትጨርስ ዋናውን ማጥፊያ አጠፋሁት። ዋሸሁዎት። እርስዎ ምንም አላፈሰሱም።»

«ስንት ደቂቃ ጠበቅክ?»

«አራት... አምስት...»

«አራት ነው አምስት?»

«አራት።»

ይቅርታ ያደርጉልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ወይም ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። ጀልባ ላይ እንኳ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኹብኝ። «አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀዝቃዛ ድንች! አደራዬን በልተህ! አራት ዓመት ሙሉ የገዛ እጄን ስጠረጥር! ቤቴን ቆልፌ ከመንገድ እየተመለስኩ መቆለፌን ሳይ! ጎረቤቶቼ ጃጀች ሲሉኝ!» ትንፋሽ ሲያጥራቸው ስልካቸውን አንስተው ልጃቸውጋ ደወሉ። «ስሚ! እኔ አልነበርኩም! ... ምድጃዋን ነዋ! ይኸው ያጠፋት ፊቴ ተቀምጧል! ... እጄ? እጄ ደህና ነው! ድሮም ደህና ነበር!» ልጅቷ በዚያ በኩል የምትለውን አልሰማሁም። እሳቸው ግን ስልኩን እንደያዙ በሌላኛው እጃቸው ፊታቸውን ጠረጉ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት አቃተኝ። ከዚያ ስልኩን ዘግተው ካቆሙበት ቀጠሉልኝ።

ሁለት ሰዓት ያህል ተሰደብኩ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ነውር ባይሆንብኝ ደስ ብሎኛል እል ነበር፤ አራት ዓመት እንደዚህ አድርጎ የተቆጣኝ ሰው የለማ። ሰው የሚቆጣው የኔ የሚለውን ነው።

ሲመሽ ተነሳሁ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታ? ገና ምኑ ተነካና! ለመሥሪያ ቤቱ ትጽፋለህ፣ ስምህን ከላይ አድርገህ። ጋዜጣህም ላይ ጻፈው፣ ሳታሳምር። ነገም ና፣ የቀረህን ትሰማለህ። ያቺንም ልጅ ይዘሃት ና፣ አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ትወቅ።»

እየተቆጡኝ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኙኝ። ከቤት ስንወጣ ምድጃው ላይ ለራት የጣዱት ድስት ነበረ፤ አጠፉት፣ በሩን ዘጉት፣ ተመልሰው አላዩትም።

ዛሬ እሑድ ነው። ቀጠሮዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ልጄ አባቷ የሚሰደብበት ቤት ለመሄድ ከጠዋት ጀምራ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ተቀምጣለች።